ዋስ የሌለው ሻጭ

አዲስ አበባ ሳለሁ 16 ዓመት የጨረታ ማስታወቂያ ስጽፍ ኖሬአለሁ። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የግዥና ንብረት ክፍል ውስጥ ነበር የምሠራው። ያረጁ መኪኖች፣ እግራቸው የወለቀ ወንበሮች፣ ያገለገሉ ጎማዎች፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም 40 የሚሆኑ የተበላሹ የጽሕፈት መኪናዎች በእኔ እጅ ተጽፎላቸው ጋዜጣ ላይ ወጥተዋል። «ባለበት ሁኔታ» የምትለዋን ሐረግ ስንት ጊዜ እንደጻፍኳት ፈጣሪ ይወቀው። «መሥሪያ ቤቱ የተሻለ አማራጭ ካገኘ ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው» የምትለዋንማ ከእንቅልፌ ቢቀሰቅሱኝም አልስታትም። ስለዚህ ኢቤይ የሚባለው የኢንተርኔት ጨረታ ገበያ ላይ ስገባ፣ ስለ ጨረታ ማን ሊያስተምረኝ ነው ብዬ ነው የገባሁት።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቴምብር ሰብሳቢ ነበር። ወደ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ስንመጣ ከሻንጣዎቻችን የአንዱን ግማሽ የያዘው አልበም ነው፤ በርበሬና ሽሮዬን የማስቀምጥበት አጥቼ ስነጫነጭበት ትዝ ይለኛል። እሱ ካለፈ በኋላ አልበሞቹ ቁም ሣጥን ላይ አራት ዓመት ተቀመጡ። ልጄ አንድ ቀን ወንበር ላይ ቆማ አወረደቻቸውና «እማዬ፣ ወይ እንያቸው፣ ወይ እንሽጣቸው፤ አቧራ አይብላቸው» አለችኝ። ከማየቱ መሸጡ ቀለለኝ።

መጀመሪያ ያወጣሁት እ.ኤ.አ. የ1919ኙን ስብስብ ነው። ንግሥት ዘውዲቱና ራስ ተፈሪ፣ ከእነሱ ጋር ቀጭኔው፣ ነብሩ፣ አውራሪሱ፣ ዝሆኑ፤ ከመቶ ዓመት በኋላም ቀለማቸው ያልደበዘዘ። ርዕሱን በእንግሊዝኛ «እጅግ ውብና ብርቅ የሆኑ ጥንታዊ የኢትዮጵያ ቴምብሮች» አልኩት። መነሻ ዋጋ 120 ዶላር። ፎቶ አንድ፣ እሱም የአልበሙ ፕላስቲክ መብራት እያንጸባረቀበት። መግለጫው ላይ የለመደች እጄ «ባለበት ሁኔታ» ብላ ጻፈች። ሰባት ቀን ጠበቅሁ። አሥራ አንድ ሰው አየው፣ አንድም ሰው ዋጋ አልሰጠም።

አንድ ሰው ግን ጥያቄ ላከልኝ፤ «ዋናው ኅትመት ነው ወይስ ድጋሚ?» ይላል። ተቆጣሁ። የሰው ሀገር ሰው ስለ ዘውዲቱ ቴምብር እኔን ይጠይቀኛል እንዴ? ኋላ ነው ያወቅሁት፦ የዚያ ዓመት ስብስብ በኋላ በብዛት እንደገና ታትሟል፤ ገበያውን የሞላው ድጋሚው ነው፤ ሰብሳቢ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው። ልጄ አልበሙን ገልጣ ከገጹ ግርጌ አሳየችኝ። በእርሳስ፣ በዚያች ጉንዳን በመሰለች ጽሕፈቱ፣ «ድጋሚ» ተብሎ ተጽፏል። ሟቹ ያውቅ ኖሯል። እኔ ነኝ ሳላነብ ለ120 ዶላር ያቀረብኩት።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ከዚያ ሳምንት በኋላ ሲመላለስብኝ ስለቆየ ነገር ነው። አዲስ ሻጭ ገዢ ሲያጣ የመጀመሪያ ሐሳቡ «ዕቃዬን አላዩትም» ነው። ማስታወቂያ ይጨምራል፣ ፎቶውን ያሳምራል፣ «ፍጠኑ» ይላል። አሥራ አንዱ ሰዎች ግን አይተውታል። ያላዩት እኔን ነው።

እኛ መሥሪያ ቤት የሚጠረጠረው ተጫራቹ ነበር። ሰነዱን በገንዘብ ይገዛል፤ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያመጣል፤ ለጨረታ ማስከበሪያ ሲፒኦ ያስይዛል፤ ኤንቨሎፑን ያሽጋል። ሻጩንስ ማን ይጠይቀዋል? ማኅተሙ ራሱ ዋሱ ነው። ኢቤይ ላይ ግን ነገሩ ተገልብጦ ጠበቀኝ። እዚህ ሲፒኦ አስያዡ ሻጭ ነው። የመጀመሪያው ሽያጬ ገንዘብ ዕቃው ገዢው እጅ ደረሰ እስኪባል ተያዘብኝ። በወር ላወጣ የተፈቀደልኝ አሥር ዕቃ ብቻ ነበር። «ባለበት ሁኔታ» የምትለዋ ጋሻዬም ምንም አልመከተችልኝ፤ ዕቃው እንደተገለጸው ካልሆነ ገዢው ገንዘቡን ያስመልሳል፣ አለቀ።

መጀመሪያ ንቀት መሰለኝ። በኋላ ግን እዚሁ ከሀገሬ ልጆች ጋር በየወሩ የምንጥለውን ዕቁብ አሰብኩ። አዲስ ገቢ በመጀመሪያው ወር ዕጣ ቢወጣለት ዳኛው ምን ይለዋል? «እንኳን ደስ ያለህ፤ ዋስ ጥራ» ነው የሚለው። ማንም አይቀየምም። እኔስ ያለ ዋስ ገብቼ ዕጣው በመጀመሪያው ወር ይሰጠኝ ማለቴ አልነበረም? ከስሜ አጠገብ በቅንፍ ውስጥ የተቀመጠችው ዜሮ «ዋስ የላትም» ማለት ናት።

ይህችን ቅንፍ ያመጣት የገበያው ችግር ራሱ ነው። ፒየር ኦሚድያር ድረ ገጹን እ.ኤ.አ. በመስከረም 1995 ሲከፍት መጀመሪያ የተሸጠው ዕቃ የተሰበረ የሌዘር ጠቋሚ ነበር፤ በ14 ዶላር ከ83 ሳንቲም። ገዢውን «መሰበሩን አውቀሃል?» ብሎ ሲጠይቀው ሰውየው የተሰበሩ የሌዘር ጠቋሚዎችን እንደሚሰበስብ ነገረው ይባላል። ብዙዎች ይህን ታሪክ «ለማንኛውም ዕቃ ገዢ አለው» ለማለት ያወሩታል። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ጎኑ ነው፤ ሻጩ ሲያወጣው «የተሰበረ» ብሎ ነው ያወጣው። በወራት ውስጥ፣ በየካቲት 1996፣ ገዢና ሻጭ አንዱ ስለ ሌላው አስተያየት የሚጽፉበት መድረክ ተጨመረ። የማይተዋወቁ ሰዎች እዚያ ገበያ ላይ ከመተዋወቅ ይልቅ የሌላ ሰው ምስክርነት ይዘው መገበያየት የጀመሩት ያኔ ነው።

ልጄ ኢኮኖሚክስ ስለምታጠና ለነገሩ ቁጥር አላት። ፖል ሬዝኒክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሙከራ፣ ስመ ጥር የሆነ አንድ የፖስታ ካርድ ነጋዴ ተመሳሳይ አሮጌ ካርዶችን በሁለት መንገድ ሸጠ፦ ግማሹን በታወቀው ስሙ፣ ግማሹን ማንም በማያውቃቸው አዳዲስ ስሞች። ካርዱ ያው፣ ሰውየውም ያው። በታወቀው ስም የቀረበውን ገዢዎች 8.1 በመቶ ያህል አብልጠው ከፈሉበት። «እማዬ፣ ስም ማለት ስምንት በመቶ ነው» አለችኝ። ለእኔ ግን ከዚያም በላይ ሆኖ ነው የታየኝ፤ እነዚያ ካርዶች በአዲስ ስም ሲቀርቡም ያዘጋጃቸው የሠለጠነ እጅ ነው፤ ፎቶውንም መግለጫውንም ያውቅበታል። የእኔዎቹ ደግሞ በእኔ እጅ ነው የቀረቡት።

ሁለተኛው ዙር እንዲህ ሆነ። በመጀመሪያ ገዛሁ። ቴምብር መቆንጠጫ፣ ስስ የወረቀት ፖስታ፣ አጉሊ መነጽር፣ ለሥራው የሚያስፈልገኝን ሁሉ ትንንሹን ከአሥር ሻጮች ገዛሁና በዕለቱ ከፈልኩ። እያንዳንዱ መልካም ቃል ጻፈልኝ፤ አሥር ሲሞላ ቢጫዋ ኮከብ ወጣችልኝ። ጠንቃቃ ገዢ ግን አይታለልም፤ ምስክርነቱ ከመግዛት እንጂ ከመሸጥ የመጣ እንዳልሆነ ገልጦ ያያል። ቢሆንም ዜሮዋ ጠፋች።

ከዚያ ያንኑ የዘውዲቱን ስብስብ መልሼ አወጣሁት። በርዕሱ ውስጥ የሚፈቀደው 80 ፊደል ነው፤ «ውብ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ስለሌለ «ውብ»ን አባረርኳት፣ «ብርቅ»ንም እንዲሁ። ኢትዮጵያ፣ 1919፣ ዘውዲቱ፣ ተፈሪ፣ እንስሳት፣ ሙሉ ስብስብ፣ ድጋሚ ኅትመት። «ድጋሚ» የምትለዋን ስጽፍ እጄ ከበደኝ፤ መሥሪያ ቤት ሳለሁ «ሞተሩ አይነሳም» ብለን ጽፈን አናውቅማ፣ ተጫራቹ መጥቶ ይይ ነበር የምንለው። እዚህ መጥቶ የሚያይ የለም። ስለዚህ ቴምብሮቹን ከፕላስቲኩ አወጣኋቸው፤ መስኮት አጠገብ ነጭ ወረቀት ላይ ደርድሬ በጠዋት ብርሃን ፎቶ አነሳኋቸው። ፊታቸውንም፣ ጀርባቸውንም። ሰብሳቢ ከፊቱ ይልቅ ጀርባውን ነው የሚያነበው፦ ሙጫው አለ? አልበም ላይ የተለጠፈበት ምልክት አለው? የሳሳ ቦታስ? የአውራሪሱ ቴምብር ከጠርዟ አንድ ጥርስ ጎድሏታል፤ እሷን ብቻዋን አቅርቤ አነሳኋት። ዘጠኝ ፎቶ። መነሻ ዋጋ 99 ሳንቲም።

ስድስት ሰው ተጫረተ። በ11 ዶላር ከ50 ሳንቲም ሄደ። ኢቤይ ከ13 በመቶ በላይ ወሰደ፤ የፖስታና የካርቶኑ ወጪ ሲነሳ እጄ ላይ የቀረው ስምንት ዶላር አይሞላም። ዕቁባችን ውስጥ ያለች ጓደኛዬ ስትሰማ በሳቅ ወደቀች። «አንቺ፣ ለስምንት ዶላር ነው እንዴ ከሌሊት ፈረቃ ገብተሽ የማትተኚው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ገዢው ግን በሳምንቱ ጻፈ፦ «ሳልጠይቅ ድጋሚ መሆኑን የነገረችኝ ሻጭ» ይላል። ዋሴ ይኸው ነው። ስምንት ዶላር ተከፍሎኝ ነው እንጂ ከፍዬበት ብገዛውም ውድ አልለውም ነበር።

ፖስታው ውስጥ አንድ የተለመደች ያገለገለች ቴምብር ጨምሬለት ነበር። ምን እንደሆነች ጠየቀኝ። ምርቃትን በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ መርካቶ ሽንብራ ሲሰፈር ከላይ የሚጣለው እፍኝ ነው አልኩት። የተረዳኝ አልመሰለኝም፤ በሚቀጥለው ወር ግን ተመልሶ ገዛኝና «ምርቃቷን እንዳትረሺ» ብሎ ቃሏን በላቲን ፊደል እንደምንም አድርጎ ጻፋት።

አሁን ሁሉም ነገር በ99 ሳንቲም ይውጣ የምል እንዳይመስል፣ የከሰርኩበትንም ልናገር። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ የመጣ፣ ማኅተሙ ጥርት ብሎ የሚነበብ አንድ አሮጌ ፖስታ ነበረን፤ የባለቤቴ አጎት የላከው። በመጀመሪያው ሽያጬ የመጣብኝ ኩራት ገፋፍቶኝ እሱንም በ99 ሳንቲም አወጣሁ፤ ያወጣሁትም ዕንቅልፍ እንቢ ባለኝ አንድ የረቡዕ ሌሊት፣ በሀገር ቤት አቆጣጠር ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ። ጨረታው የሚዘጋው በተከፈተበት ሰዓት መሆኑን አላሰብኩም። በሳምንቱ፣ አሜሪካ ሁሉ ሲያንኮራፋ፣ ተዘጋ። ኢቤይ ላይ ዋጋ የሚንረው በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ነው፤ አልቪን ሮዝና አክሰል ኦከንፌልስ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት ምክንያቱን አሳይተዋል፦ ሰዓቱ ቁርጥ ስለሆነ ብልጡ ተጫራች መጨረሻዋን ሰከንድ ይጠብቃል። ያኔ አማዞንም የራሱ ጨረታ ነበረው፤ እዚያ ግን በመጨረሻ ላይ ዋጋ ከገባ ሰዓቱ ይራዘም ስለነበር ሰው እንዲህ አያደባም። ለእኔ መጨረሻዋን ሰከንድ የጠበቀልኝ ማንም የለም። አንድ ሰው፣ አንድ ዋጋ፣ 99 ሳንቲም።

ያን ጠዋት «የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው» የምትለዋ አፌ ላይ መጣች። ዕቃው ጠፍቷል፣ ተቀዷል፣ ማለት ይቻላል፤ ሰዎች ይሉታል። ጠቅልዬ ላክሁለት። አስተያየት እንኳ አልጻፈልኝም።

ከዚያ ወዲህ የምለየው እንዲህ ነው፦ ብዙ ሰው የሚፈልገውን በትንሽ ዋጋ ለጨረታ፤ ሁለት ሰው ብቻ የሚፈልገውን በቁርጥ ዋጋ፣ «ሐሳብ አቅርቡ» ብሎ። ለነገሩ ዛሬ ኢቤይ ላይ አብዛኛው ሽያጭ በቁርጥ ዋጋ ነው የሚካሄደው። ጨረታ ለአዲስ ሻጭ የሚጠቅመው ገዢ የሚደፍርበትን በር ስለሚከፍትለት ነው፤ በማያውቀው ሰው ላይ መቶ ዶላር የማይጥል ሰው አንድ ዶላር ይጥላል። የምዘጋው እሑድ ማታ ነው፤ እዚህ ሰው እራቱን በልቶ፣ በምዕራቡ ዳርቻ ደግሞ ገና ሳይመሽ።

ያቺው የሳቀችብኝ ጓደኛዬ ሌላ መፍትሔ ነበራት። «አንቺ ዕቃውን አውጪ፣ እኛ በየስልካችን ዋጋ እንጨምርልሽ» አለች፤ ቡና ላይ የነበሩት ሁሉ ሳቁ፣ ሁለቱ ግን ስልካቸውን አወጡ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ መረዳዳት ነው የመሰላቸው። እኔ ግን ይህን ፊት አውቀዋለሁ። መሥሪያ ቤት ሳለሁ ሦስት ተጫራቾች ሦስት ኤንቨሎፕ ይዘው ይመጡና ሦስቱም ላይ ያለው ጽሕፈት የአንድ እጅ የሚሆንበት ቀን ነበር። ቃለ ጉባኤው ላይ ፈርሜአለሁ፤ አልክድም።

ኢቤይ ይህን ይከለክላል፤ ነገር ግን ክልከላው አይደለም የሚያሳስበኝ። ተጫራቹ እዚያ የሚጽፈው ሊከፍል የሚችለውን ጣሪያ ነው፤ የሚከፍለው ደግሞ ከሁለተኛው ሰው ጥቂት ከፍ ያለውን። ይህ አሠራር የኮምፒውተር ፈጠራ አይደለም፤ ማሳቹሴትስ ውስጥ የቴምብር ነጋዴዎች እ.ኤ.አ. በ1893 በደብዳቤ ለሚጫረቱ ሰዎች ሠርተውበታል፤ ዊልያም ቪክሪ በ1961 በሒሳብ ጽፎት በ1996 ኖቤል ከማግኘቱ በፊት ብዙ ዘመን ማለት ነው። ሰውየው ጣሪያውን የሚጽፍልሽ ካንቺ ጋር የሚጫረተው እውነተኛ ሰው ነው ብሎ አምኖ ነው። ጓደኛሽን አስገብተሽ ዋጋውን መግፋት በጨለማ ኪሱን መዳበስ ነው። ቡናው ላይ ይህን ሁሉ አልተናገርኩም፤ «ተዉ፣ ይቅርብኝ» ብቻ ነው ያልኩት።

ሌላም ምክር አልጠፋም። አንድ ሰው «ቴምብር ምን ይረባሻል፣ ብራና የለሽም? ክታብ? እሱ ነው ገበያ ያለው» አለኝ። እንዲህ ያለው ዕቃ ከየት፣ በማን እጅ እንደወጣ ሳይጠየቅ መሸጡ አሁንም አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 እንግሊዝ ሀገር፣ ዶርሴት ውስጥ፣ ከመቅደላ የተዘረፈ መጽሐፍና የቀንድ ዋንጫዎች ለጨረታ ቀርበው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ተከራክሮ ነው የወጡት፤ በኋላም ተመለሱ። ገዢ ለማግኘት ሲባል የሚወጣ ነገር ሁሉ ዕቃ አይደለም። ይህን ያህል ብዬ ልለፈው፤ ከተናደድኩ አላቆምም።

ሀገር ቤት ላላችሁ አንባቢዎች ኢቤይ ሩቅ ሊሆን ይችላል። ቴሌግራም ግን እጃችሁ ላይ ነው። እህቴ አዲስ አበባ ሆና ጫማና የቤት ዕቃ የሚሸጥባቸውን ቻናሎች ትልክልኛለች፤ ፎቶው ከሌላ ሀገር ድረ ገጽ የተወሰደ፣ ከሥሩ «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል። ለምን በውስጥ መስመር? ዋጋውን ጠያቂውን አይቶ ሊቆርጥ ነዋ! ገና ያልታወቀ ሻጭ ያለችውን አንዲት ጥሪት፣ ግልጽነቱን፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ ይጥላታል፤ ቀጥሎ «ገዢ ጠፋ፣ ሰው አያምንም» ይላል። እህቴ ራሷ ያገለገለ የልብስ ስፌት መኪናዋን ስትሸጥ ዋጋውን በፊት ለፊት፣ የተሰነጠቀ እግሩን በፎቶ፣ መኪናው ሲሰፋ ደግሞ በሃያ ሰከንድ ቪዲዮ እንድታወጣ ነገርኳት። «ስንጥቁን ካሳየሁ ማን ይገዛኛል?» ብላ ሦስት ቀን ተከራከረችኝ። በአራተኛው ቀን አወጣችው። አንዲት የሰፈር ልብስ ሰፊ መጥታ ስንጥቁን በጣቷ ነካ አድርጋ «ያልሽው ይኼ ነው?» አለቻትና፣ ተከራክራ 500 ብር አስቀንሳ ወሰደችው። እህቴ ስለ 500 ብሩ አሁንም ታኮርፈኛለች።

ዛሬ ከእኔ ስም አጠገብ ያለው ቁጥር 63 ደርሷል፤ ቢጫዋ ኮከብ ሰማያዊ ሆናለች። ሀብት አልመጣም። አንድ መጥፎ አስተያየትም አለኝ፤ በዝናብ ፖስታው ረጥቦበት ነው፣ እውነቱን ነው፣ ከዚያ ወዲህ በፕላስቲክ ነው የምጠቀልለው።

ጠረጴዛዬ ላይ አሁን የምኒልክ ስብስብ ተዘርግቷል፤ እ.ኤ.አ. የ1894ቱ፣ የሀገሪቱ የመጀመሪያ ቴምብሮች፣ ፓሪስ የታተሙት፣ በካታሎግ ከ1 እስከ 7 የሚባሉት። አራቱ ላይ የንጉሡ ፊት፣ ሦስቱ ላይ አንበሳው። በዚህ ገጽ ግርጌ ባለቤቴ «ድጋሚ» አላለም። የጻፈው «8 ገርሽ፣ ሳስቷል» የሚል ነው። በአጉሊ መነጽር ፈለግሁት፣ አላየሁትም። ገልብጬ መብራቱ ላይ ሳነሳው ታየኝ፤ ከአንበሳው ኋላ እግር ሥር፣ የስንዴ ፍሬ የምታህል ቦታ ላይ ብርሃኑ ያልፋል። ነገ ጠዋት፣ ፀሐይ መስኮቱ ላይ ስትደርስ፣ ፎቶውን ከዚያ ጎን አነሳለሁ።